ንባቡን የሚሰማ ሰው

እኛ መንደር፣ ኮት ዳሱንዳ፣ ሰው ስለ ሃይማኖት የሚከራከረው የጸሎት ቤታችን ጉርድዋራው ውስጥ አይደለም። እዚያማ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፣ የሚነበበውን ይሰማል፣ ከማዕዱ ይበላል፣ ጫማውን ፈልጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክርክሩ ያለው የባልዴቭ የዘርና የፀረ-ተባይ ሱቅ በር ላይ ነው። ወንዶቹ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተደርድረው ሻይ በወተት እየጠጡ፣ ሥጋ ይፈቀዳል አይፈቀድም፣ የመምህራችን የጉሩ ልደት በጨረቃ ይቆጠር ወይስ በፀሐይ፣ ይኸኛው መዝሙር የጉሩ ነው ወይስ ኋላ የገባ፣ ሲባባሉ ፀሐይ ትጠልቃለች። አንድ ዓመት በዚሁ የቀን መቁጠሪያ ጠብ ልደቱን ሁለቴ አከበርን። ባለ ጨረቃዎቹ ጣፋጭ ሲያድሉ ባለ ፀሐዮቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ የእነሱ ቀን ሲደርስ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። እኔ ከሁለቱም በላሁ። ማን ልክ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ የባለ ፀሐዮቹ ቅቤ ይበዛዋል አልኳቸው።

ባንት ካውር እባላለሁ፤ መንደሩ ባንቶ ይለኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ አፌን የሚይዝልኝ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። የምጽፈው ግን ስለ ራሴ አይደለም። እዚያ ጆንያ ላይ ከተቀመጡት ሁሉ በተናገረው ሊኖር የሞከረ አንድ ሰው አይቻለሁ፤ ስለ እሱ ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሣ "ሚስቱን እንኳ ያልሸኘው ሰውዬ" ይሉታል። እኔ እዚያው ነበርኩና የሆነውን ልናገር።

ጋጃን ሲንግ የጉርድዋራችን አንባቢ ነበር። ጢሙ ገና ሳይሞላ ነው ከአዲሷ ሚስቱ ጋር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተሸክሞ የመጣው። ኮሚቴው ከጉርድዋራው ጀርባ አንዲት ክፍልና ማድቤት ሰጠው። ጠዋት ቅዱሱን መጽሐፍ፣ እንደ ሕያው መምህር የምናከብረውን ጉሩአችንን፣ ገልጦ ያነባል፤ ማታ በጨርቁ ሸፍኖ ያሳርፋል፤ ሠርግ ይባርካል፣ ሙት ይሸኛል። ጊያኒ ጂ እንለዋለን፣ አዋቂው ማለታችን ነው። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ እዚህ ላይ "እሱ" እላለሁ እንጂ ፊት ለፊትስ አንቱ ነበር የምለው።

ደመወዙ የሚያኖር አልነበረም። የሚተዳደረው ባልተቋረጠው ንባብ ነው። የአንዱ ልጅ ለካናዳ ቪዛ ሲያመለክት፣ የሌላው የመሬት ክርክር ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ትራክተር ሲገዛ፣ ሰው ሲሞት፣ ባለቤቱ ንባብ ያዝዛል። መጽሐፉ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ አንባቢዎች እየተፈራረቁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ያነቡታል። አንዱ ሲደክመው ሌላው ከጎኑ ተቀምጦ ቃሉን ከአፉ ይቀበለዋል እንጂ ድምፁ አይቆምም። ከቆመ ንባቡ ፈረሰ ማለት ነው። ጋጃን ሲንግ በዚህ ሥራ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል። የአንባቢዎቹ ቡድን አለቃ ሬሻም ሲንግም እሱ ያሠለጠነው ሰው ነው።

ሚስቱ ናሲብ ካውር ማንበብ አትችልም። እሱ ከከተማ የሚላኩለትን የሃይማኖት መጽሔቶች ዘርግቶ ከራሱ ጋር ሲሟገት፣ እሷ አጠገቡ አትክልት ትከትፋለች።

"ዛሬ ማን አሸነፈ?" ትለዋለች።

"ገና ነው።"

"እንግዲያው ብላና ትቀጥላለህ።"

እሷ ራሷ ስለ ምንም ነገር ስትከራከር አልሰማኋትም። ጉርድዋራውን ትጠርጋለች፣ ለማዕዱ ሊጥ ስትጠፈጥፍ ትውላለች፣ ከውስጥ የሚመጣውን ንባብ እየሰማች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ቃሉን ታውቀው እንደሆነ ጠይቄያት "ዜማውን አውቀዋለሁ" አለችኝ።

ነገሩ የተበላሸው በሱቻ ሲንግ ቤት ነው። ሱቻ ሲንግ የጉርድዋራው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ፊት ከማፈር ግን መሞት ይሻለዋል። ልጁ ቪዛ ሲያገኝ የምስጋና ንባብ አዘዘ። በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ተራው የጋጃን ሲንግ ነበር። ከገጹ ቀና ሲል ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። በመጽሐፉ ላይ ጭራ የሚነሰንሰው ሰው እንኳ ወጥቷል። ቤተሰቡ በሙሉ ግቢው ውስጥ ቴሌቪዥን ከቦ የካባዲ ግጥሚያ ያያል፤ ጩኸታቸው ንባቡን ይውጠዋል። እኔ ማድቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር በመስኮት አየሁት። ባዶውን ምንጣፍ ትንሽ አየት አደረገና ማንበቡን ቀጠለ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር።

ንባቡ ተፈጽሞ የተባረከው ጣፋጭ ከመታደሉ በፊት፣ እንደ ልማዱ ጥቂት ቃል እንዲናገር ጋበዙት።

"ጉሩ እዚህ ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ተናገረ" አለ። "ምን እንዳለ የምትነግሩኝ አላችሁ? እኔም ከእናንተ አልሻልም፤ ጉሮሮዬን እያከራየሁ ኖሬያለሁ። ሰሚ የሌለው ንባብ አምልኮ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ፣ ካዘዘው ቤተሰብ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የማይሰማበት ንባብ ላይ አልቀመጥም።"

ካናዳ ሊሄድ የተዘጋጀው ልጅ ለማስታወሻ ብሎ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ሳይመሽ አገር ምድሩ አየው። ሱቻ ሲንግ ራቱን ሳይበላ ተኛ አሉ።

በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ወንዶቹ ጠብቀው ያዙት። ባልዴቭ ጀመረ።

"ጊያኒ ጂ፣ እኔ ማዳበሪያ ስሸጥ ገበሬው በተነው አልበተነው ብዬ ማሳው ድረስ ልከተለው?"

"አንተ የምትሸጠው ማዳበሪያ ነው።"

"እርስዎስ እስከ ዛሬ በነፃ ነበር እንዴ የሚያነቡት?"

"አልነበረም። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።"

ሬሻም ሲንግ ሞተር ሳይክሉ ላይ እንደተቀመጠ ጣልቃ ገባ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ሳነብ እኔው ራሴ እሰማ የለም? አንባቢውስ ሰሚ አይደለም?"

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ጋጃን ሲንግ ጢሙን እየነካ ትንሽ አሰበ። "እውነቱን ንገረኝ ሬሻም፤ ትናንት ስታነብ ምን ታስብ ነበር?"

ሬሻም ሣቀ። "ሞተር ሳይክሌ ቤንዚን ይብቃው አይብቃው።"

ሁሉም ሣቁ፤ ጋጃን ሲንግም አብሮ ሣቀ። ነገሩ እዚያው በሣቅ የሚያልቅ መስሎት ነበር።

አላለቀም። ብዙ ሳይቆይ አንድ ጠዋት፣ ከጸሎቱ በኋላ፣ ከጉርድዋራው ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያው እንዲህ ሲል ሰማን፦ ጋጃን ሲንግ ያልተቋረጠውን ንባብ በማናናቅ ጉሩን ስለደፈረ ከአንባቢነት ተነሥቷል፤ ማንም ሰው ለሠርግም ሆነ ለሐዘን እንዳይጠራው። አንባቢዎቹም ከእሱ ጋር ላለመቀመጥ ተስማሙ፣ ሬሻም ሳይቀር። ክፍሏን እንዲለቁ ተነገራቸው። ያን ሁሉ ዘመን የጠረጉት ግቢ ውስጥ ያቺው የቆርቆሮ ሣጥን ወጥታ ተቀመጠች።

እኔ ግቢዬ ውስጥ ባዶ ክፍል ነበረኝና እዚያ አስገባኋቸው። ሱቻ ሲንግ መንገድ ላይ አግኝቶ "ባንቶ፣ እሳት ነው ቤትሽ ያስገባሽው" አለኝ። "ብርድ ነው፣ ይሞቀኛል" አልኩት።

ከዚያ የከተማ ሊቃውንት መጡ። እነዚህ በየጉባኤው ስለ ሃይማኖት መታደስ የሚናገሩት ናቸው። ወስደው መድረክ ላይ አወጡት፣ የክብር ጨርቅ አንገቱ ላይ አደረጉለት፣ የእውነት አንበሳ አሉት። ከእንግሊዝ ከካሊፎርኒያ እየደወሉ አይዞህ የሚሉት ነበሩ፤ አንገትህን እንቆርጣለን የሚሉትም ነበሩ። አይዞህ ባዮቹም አስፈራሪዎቹም አንድ ቀን እንኳ ምን ትበላለህ አላሉትም። ከጉባኤው በአውቶቡስ ተመልሶ ጨርቁን ለናሲብ ካውር ሰጣት። ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ "ቆንጆ ነው፤ ዱቄት ግን አልቋል" አለችው። በሳምንቱ እህል ገበያው ውስጥ የስንዴ ጆንያ እየሰፋ መዋል ጀመረ። ጉሮሮው በአቧራ ተዘጋ። እኔ እነዚያን ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልወዳቸውም።

ማታ ማታ ግን ደስተኛ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። አንዳንድ ወጣቶች በጓሮ በኩል እየገቡ ያናግሩት ነበር። ንባብ ሲያዝዙ መስማትንም አብረው እንደሚያዝዙ፣ መስማት ደግሞ የተሰማውን ማድረግ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ናሲብ ካውር ሻይ ታቀርብላቸዋለች። በዚያው ክረምት ሻዩን ስታነሣ ጎኗን መያዝ ጀመረች።

በእኛ በኩል ይህ በሽታ እንግዳ አይደለም። ጥጥና ሩዝ ላይ የምንረጨው ነገር ውኃችን ውስጥ ገብቷል ይላሉ፤ እኔ እንጃ፣ ብቻ ካንሰር ያልገባበት ቤት የለም። ከተማ ባለው ሆስፒታል ሆዷን ከፍተው አይተው፣ የሚደረግ የለም ብለው መልሰው ሰፉት። ሉዲያና ከተማ ሹራብ ፋብሪካ የምትሠራው አንድ ልጃቸው ራቪንደር ሥራዋን ትታ መጣች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ገለጥ ብሎ ትንሽ ፀሐይ ወጣ። የገመድ አልጋዋን ግቢው ውስጥ አወጣንላት። እኔ አተር እፈለፍላለሁ፣ ጋጃን ሲንግ እግሯን ያሻል።

"አንድ ነገር እፈልጋለሁ" አለችው። "ያልተቋረጠ ንባብ። ከሞትኩ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ ጆሮዬ እየሰማ።"

እጁ ቆመ። "እኔ አነብልሻለሁ። ቀስ ብዬ፣ በየቀኑ፣ ትርጉሙንም እየነገርኩሽ።"

"ትርጉሙ ያንተ ነው። ዕድሜ ልክህን ነግረኸኝ የያዝኩት ጥቂት ነው።"

"ታዲያ ምን ያደርግልሻል?"

"ድምፁ እንዳይቆም ነው የምፈልገው። ስነቃ ጸጥ ካለ የሞትኩ ይመስለኛል። እፈራለሁ። ጉርድዋራው ጀርባ ስንኖር፣ ንባብ በነበረ ጊዜ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ስተኛም አለ፣ ስነሣም አለ። እንደዚያ ሆኖ ልሂድ።"

"ናሲብ፣ ድምፅ ብቻውን እኮ..."

"ሰሚ ካለ ንባብ ነው አላልክም? ሰሚዋ እኔ ነኝ። ሌላ ምን ጎደለ?"

እሱ እግሯን ማሸቱን ቀጠለ። ፍርሃቷን ግን ሁለታችንም ሰምተናል። ያቺ ሴት ሆስፒታል ስትሄድ እንኳ ፈራሁ አላለችም ነበር።

የጎደለው አንባቢ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ማንበብ አይችልም፤ ፈረቃ ይፈልጋል። መጽሐፉም ከጉርድዋራው ካልወጣ የለም። ሬሻም ጋ እኔ ራሴ ሄድኩ። ሲሰማ ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ስንት ጊዜ አብልታዋለች።

"እኔማ ዛሬውኑ እመጣለሁ" አለኝ። "ግን ሱቻ ሲንግ ካልፈቀደ መጽሐፉ ንቅንቅ አይልም።"

ሱቻ ሲንግ ፈቀደ፤ በአንድ ነገር። ጋጃን ሲንግ እሑድ ዕለት ማኅበሩ ፊት ቆሞ ተሳስቻለሁ ይበል፣ በር ላይ ተቀምጦ የምእመናኑን ጫማ ይጥረግ፤ ከዚያ ሁሉም ይረሳል። ሬሻም ይህን ሊነግረው መጣ። "አንድ ቃል ናት ጊያኒ ጂ" አለው።

"ጫማውን ዕድሜ ልኬን እጠርጋለሁ፤ እሱ ክብር ነው" አለ ጋጃን ሲንግ። "ጉሩ ፊት ቆሜ የማላምንበትን መናገር ግን አልችልም። እዋሽና፣ የዋሸሁበትን መጽሐፍ ቤቴ አስመጥቼ ለሚስቴ ላስነብብ? ሬሻም፣ አስበው እስቲ።"

ሬሻም አሰበውም አላሰበውም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ከዚያች ቀን በፊት አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ከአንቱታው ወረድኩ።

"ስማ አንተ ሰውዬ" አልኩት። "እዚያ ማዶ አልጋ ላይ ሴት እየፈራች ነው። አንተ ስለ ቃልህ ታስባለህ።"

"ባንቶ እህቴ፣ ሥራዬ ሄደ፣ ቤቴ ሄደ። ከቃሌ ሌላ ምን ቀረኝ?"

"እሷ ቀርታሃለች። እሷም ለጥቂት ቀን።"

እሑድ ጠዋት ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ጉሙ ውስጥ ብቻውን ወደ ጉርድዋራው ሲሄድ አየሁት። ሮጬ ደረስኩበት፤ ጎን ለጎን ሄድን።

ሲያስቆሙት እጁን አጣምሮ መጽሐፉ ፊት ቆመ። "ማኅበሩ ተሳስተሃል ካለኝ ፍርዱን እቀበላለሁ" አለ።

ሱቻ ሲንግ ከተቀመጠበት ተናገረ። "እኛ ምን እንዳልን አይደለም። በራስህ አፍ በለው።"

ጋጃን ሲንግ ዐይኑን ከመጽሐፉ ላይ አላነሣም። ሰው መሳል ጀመረ፣ ሕፃን አለቀሰ። "ተሳስቻለሁ" አለ። ቃሉ በረጋ የአንባቢ ድምፅ ነው የወጣው፤ ኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሰሙት። ከዚያ በር ላይ ተቀምጦ ጫማ ይጠርግ ጀመር። ባልዴቭ አፍሮ ጫማውን ከእጁ ሊቀማው ሞከረ፤ አልሰጠውም። ይህንንም ቀረጹት። ማታ ከከተማ አንዱ ሊቅ ደውሎ "ሸጥከን" አለው። ጋጃን ሲንግ ሰውዬው እስኪጨርስ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ቆየና "እሺ" ብሎ ዘጋው።

ንባቡ ዓርብ ጠዋት ተጀመረ። መጽሐፉን ሬሻም አናቱ ላይ ተሸክሞ፣ ፊት ፊቱ ውኃ እየተረጨ፣ ወደ ቤቴ አስገቡት። የእነሱ ክፍል ስለምትጠብ ሳሎኔን ለቀቅኩ። የናሲብ ካውርን አልጋ በቀጣዩ ክፍል አድርገን በሩን ከፍተን ተውነው። ሬሻም እንደ ቡድኑ ልማድ ኮኮናትና ውኃ የሞላ ማሰሮ ከመጽሐፉ አጠገብ አኖረ። ጋጃን ሲንግ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተከራክሯል፤ ይህ የእኛ ሥርዓት አይደለም እያለ። ያን ቀን አይቶ ዝም አለ።

አንድ ነገር ግን ለራቪንደር ነገራት፦ ምንጣፉ ላይ ሁልጊዜ ከሁለታቸው አንዱ ይኑር። እሱ ተራው ደርሶ ሲያነብ ልጅቷ ትቀመጣለች፤ ሌሎቹ ሲያነቡ እሱ። ትንሽ አረፍ በሉ ብላቸው አልሰሙኝም።

ናሲብ ካውር ያን ቀን ተኛች። ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛች። ትነቃለች፣ ድምፁ አለ፣ ፈገግ ትላለች፣ ደግሞ ትተኛለች። ሻይ ስኳር በዝቶበት አምጡልኝ አለች፣ ሁለት ማንኪያ ቀመሰች። ራቪንደር ፀጉሯን ስታበጥርላት "የአባትሽ ድምፅ ከሁሉም ያምራል፤ እንዳትነግሪው፣ ክርክር ያመጣል" አለቻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳቅሁም አለቀስኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ያቺ አንዲት ቃል ዋጋዋን ያገኘች መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ንባቡ ገና እኩሌታው ላይ ሳለ፣ ሞተች። ራቪንደር እጇን ይዛ ነበር። ልጅቷ ልትጮህ አፏን ስትከፍት እኔ ደረቴ ላይ አፈንኳት፤ ንባቡ ይፈርሳል ብዬ። ያነብ የነበረው ሬሻም ነው። በተከፈተው በር አየ፣ ግን አላቆመም። ጋጃን ሲንግ ከምንጣፉ ተነሥቶ መጣና ዐይኗን ከደነላት፤ ግንባሯ ላይ እጁን አሳርፎ ቆየ።

በመንደራችን ሬሳ አያድርም። ጉሙም ስለከበደ ከሰዓቱ ሳይገፋ እንድትቃጠል ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። ይቅር ተብሎ የለ፣ ሰው ሁሉ መጣ፤ ሱቻ ሲንግ ከነወንድሞቹ መጣ። አጠብናት፣ አለበስናት። ወንድ ልጅ ስለሌላቸው እሳቱን የምትለኩሰው ራቪንደር ሆነች። ከአንባቢዎቹ ሁለቱ ሌላ መንደር ንባብ ስለነበራቸው ሄደዋል፤ ሬሻም እኔ አነባለሁ፣ እናንተ ሸኙ አለ።

ጋጃን ሲንግ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ግቢው በር ተሸከመ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ባልዴቭን ጠርቶ ትከሻውን ለእሱ ለቀቀለትና ወደ ቤት ዞረ።

"አባዬ፣ ወዴት ነው?" አለች ራቪንደር።

"እዚህ እሆናለሁ። ንባቡ ጋ ከቤታችን ሰው የለም።"

"ሬሻም አለ እኮ።"

"ሬሻም ያነባል። የሚሰማ የለም።"

"ለትንሽ ጊዜ ነው። ማን ያያል?"

"እኔ እቀመጣለሁ" አልኩ። "ጆሮ የለኝም?"

"ያዘዝነው እኛ ነን፣ ባንቶ እህቴ። ሱቻ ሲንግን ያልኩት እሱን ነው።"

ራቪንደር ተጠጋችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ "እናቴ ሞታለች" አለችው። "የምትሰማው እሷ ነበረች። አሁን ለማን ብለህ ነው?"

"ለእሷ ብዬ ተሳስቻለሁ አልኩ። ዋሸሁ" አላት። "አሁን ተነሥቼ ከሄድኩ ግን ያ ውሸት እውነት ይሆናል።"

ልጅቷ "እንግዲያው ቅር" ብላው ቃሬዛውን ተከተለች።

ማቃጠያው ስፍራ ጉሙ ስለተኛበት አሥር እርምጃ የራቀ ሰው አይታይም። እንጨቱ እርጥብ ነው። ራቪንደር ትለኩሳለች፣ ይጠፋል፤ ትለኩሳለች፣ ይጨሳል። ከኋላዬ ያሉት ወንዶች ይንሾካሾካሉ። "ትዕቢት ነው" ይላል አንዱ፤ "ማኅበሩ አዋረደኝ ብሎ ነው ከእኛ ጋር ያልቆመው።" "ሚስቱ ላይ ይኩራ እንዴ ሰው?" ይላል ሌላው። ዞሬ ልሰድባቸው ፈልጌ ነበር። ግን ምን ብዬ ላስረዳቸው? እኔም ተናድጄበታለሁ። ልክ ነው አይደለም ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን እዚያ እንዲሆን ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ስመለስ ትቼው በሄድኩበት ቦታ ነበር። ጀርባውን አቅንቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መጽሐፉን እያየ ተቀምጧል። ሬሻም እያነበበ ነው፤ እንባው ጢሙ ውስጥ ይገባል። እንደ ወትሮው አይሮጥም። እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ይናገራል፣ ጋጃን ሲንግም አንዳንዴ ራሱን ይነቀንቃል። ሌላ ማንም አልነበረም። ራቪንደር ገባችና በምንጣፉ አጠገብ አልፋ የእናቷ ባዶ አልጋ ላይ ተኛች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

እሑድ ጠዋት ንባቡ ተፈጸመ፣ መጽሐፉ ተመለሰ። የከተማዎቹ ሊቃውንት ከሐዲ ብለውታል፤ መንደሩ ልበ ደረቅ ብሎታል። ራቪንደር ሻንጣዋን ይዛ የቀትሩን አውቶቡስ ተሳፈረች። እኔን ሳመችኝ፤ ለእሱ ከሩቅ እጇን አጣምራ፣ እንደ ባዕድ ሰው፣ ሰላምታ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ትደውልልኛለች፤ ደህና ነው ወይ ትለኛለች፣ አቅርቢልኝ ግን አትልም።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ወደ ማድቤቴ መጣ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ድምፁ ሰልሎ ነበር።

"እሳቱ እንዴት ያዘ?" አለኝ።

"እንጨቱ እርጥብ ነበር። ቆየ።"

"ራቪንደር አጠገብ ማን ነበር?"

ልዋሽለት ፈለግኩ። እኔ ነበርኩ ብለው ያልፍ ነበር። ግን ያን ፊት እያዩ መዋሸት አይቻልም።

"ሱቻ ሲንግ" አልኩት። "እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ሻሉን አውልቆ አለበሳት። ከዚያ እጇን ይዞ አብሯት ለኮሰ።"

"ጥሩ አደረገ" አለ። ከዚያ የዱቄቱ ጆንያ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ጥምጥሙን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ ያን ጊዜ ነው ሲያለቅስ ያየሁት። ቂጣው እንዳያርብኝ እሳቱን ቀነስኩ። እሱ ግን እስኪመሽ ከዚያ አልተነሣም።